የአርባ ሁለት ቤት ትሎች

እሑድ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ትሎቹ ወጡ።

ያብስራ የመጀመሪያውን ገንዳ ክዳን ሲያነሣ፣ ሌላ ጊዜ ከገለባው ሥር ተሸሽገው የሚውሉት ቀያይ ትሎች ተደራርበው ወደ ጠርዙ ሲሳቡ አገኛቸው። ሁለተኛውም ሦስተኛውም ገንዳ እንደዚያው ነበር። ስድስተኛው ጋ ሲደርስ የሚንቀሳቀስ ነገር አልነበረም። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ትል ሲጠብቅ እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም። ሰው አለመኖሩን ግራና ቀኝ አይቶ ክዳኑን መልሶ ገጠመና እጁን ታጠበ፤ የታጠበበት ውሃ ከየት እንደመጣ ትዝ ያለው ከታጠበ በኋላ ነው።

አርባ ሁለት ቤት የመንደሩ ስምም ቁጥርም ነው። ከቢሾፍቱ በስተምሥራቅ ባለች ጉብታ ላይ አርባ ሁለት ቤት፣ ሰማንያ አራት አዋቂ፣ ሠላሳ ያህል ልጅ ይኖራል። የከተማው ቧንቧ ከደረቀ ሃያ ሰባት ዓመት ሆኖታል። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ መንደር የራሱን ውሃ ራሱ መልሶ ይጠጣል። ከመታጠቢያው፣ ከወጥ ቤቱ፣ ከሽንት ቤቱ የሚወርደው ሁሉ ወደ ገንዳዎቹ ይገባል፤ ትሎቹ ይበሉታል፣ ከሥራቸው ያለው አሸዋና ወንፊት ያጠራዋል፣ በአራተኛው ቀን በየቤቱ ቧንቧ ተመልሶ ይመጣል። እንግዳ ካልሆነ በቀር ይህን ነገር የሚያነሣ የለም። እድሩ ዛሬም ሰው ይቀብራል፣ ድንኳን ይተክላል፤ ዋና ሥራው ግን ውሃው ነው።

በገንዳዎቹ መግቢያ ላይ የቆመውን መሣሪያ ሰዉ «ቀማሹ» ይለዋል። ጠጅ አሳላፊ ለእንግዳ ከማቅረቡ በፊት እንደሚቀምሰው፣ ይህም ከመንደሩ የሚወርደውን ከትሎቹ ቀድሞ ይቀምሳል። ሰው መታመሙን፣ ሰው ማርገዙን፣ ሰው እንቅልፍ እምቢ ብሎት ክኒን መዋጡን ያውቃል፤ ማን እንደሆነ ግን አያውቅም። እንዳያውቅ የፈረደው እድሩ ነው። መጀመሪያ ሲተከል ለየቤቱ አንዳንድ ቀማሽ ይግባ ተብሎ ነበር። የዚያን ጊዜ ሽማግሌዎች «ገበናችንን ለቧንቧ እንስጥ?» ብለው ተሟገቱና የአርባ ሁለቱም ቤት ቧንቧ ቀማሹ ጋ ከመድረሱ በፊት እንዲቀላቀል አስደረጉ። ስለዚህ ቀማሹ የሚያውቀው አንድ ትልቅ ሰው ብቻ ነው፤ አርባ ሁለት ቤት የሚባል፣ አንዳንዴ የሚያስለው፣ አንዳንዴ የሚያረግዝ።

ያብስራ ወደ ቀማሹ ሄዶ የሳምንቱን ወረቀት አወጣ። ዓርብ ዕለት፣ ከንጋቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ረፋዱ አራት፣ «ያልታወቀ መራራ» የሚል አንድ መስመር ነበር። ቀማሹ ሦስት መቶ ዓይነት መርዝ ለይቶ ደወል ይደውላል፤ ይህን ግን በመዝገቡ አላገኘውምና ዝም ብሎ አሳልፎታል። ያብስራ ከመርዝ መዝገቡ ውጭም እንዲፈልግ አዘዘው። ቀማሹ ጥቂት ቆየና ባንድ ቃል መለሰለት፦ ኮሶ።

ያብስራ ሳቁ መጣ፤ ወዲያው ግን ሳቁ ጠፋ። ኮሶ የአያት ቅድመ አያት መድኃኒት ነው፤ ጥሬ ሥጋ የበላ ሰው ሆዱ ውስጥ ያደረውን ትል የሚጥልበት። ኮሶ ደግሞ የሆድ ትል፣ የገንዳ ትል ብሎ አያማርጥም።

የእድሩ ዳኛ አቶ ናሆም በስድስት ሰዓት ሰዉን አዳራሽ ሰበሰቡ። አቶ ናሆም ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ለስላሳ፣ ሲናገሩ የሰው ትከሻ መንካት የሚወዱ ሰው ናቸው። የሆነውን ያብስራ ተናገረ፣ ቀሪውን እሳቸው ተናገሩ። በመጠባበቂያው ጋን ያለው ውሃ ዐሥራ ሁለት ቀን ያደርሳል። አዲስ ትል የሚሰጠው ከላይ ያለው ቢሮ ነው፤ ቢሮው ደግሞ ትል የሚልከው ቅጽ ሲሞላለት ነው። ቅጹ ላይ «የአጥፊው ቤት ቁጥር» የሚል አንድ ሣጥን አለ። የሚሞላውና የሚፈርመው ትል ጠባቂው ነው፤ እድሩ እጅ አውጥቶ ያጸድቀዋል። ቁጥሩ የተጻፈው ቤት ቧንቧው ይታሸጋል።

ቧንቧው የታሸገ ሰው የት እንደሚሄድ መናገር አላስፈለጋቸውም። የታሸገን ሰው የሚቀበል ሌላ መንደር የለም። የሚቀረው ቦቴ ሠፈር ነው፤ የደረቀው ሐይቅ ዳር፣ የውሃው መኪና ሲመጣ የሚመጣበት፣ ሳይመጣ ሲቀር የሚቀርበት። ባለፈው ዓመት ከጎረቤት መንደር ወደዚያ የወረዱ ባልና ሚስት ነበሩ። ወሬያቸው ከተሰማ ሰንብቷል።

«እስከሚመጣው እሑድ ያብስራ ያጣራል» አሉ አቶ ናሆም። «እኛም እናግዘዋለን። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ?»

አገዙትም። ሰኞ ጠዋት የቤት ቁጥር ዘጠኙ ጎረምሳ አባወራ የገንዳው አጥር ጋ መጥቶ፣ እንደ ዋዛ ስለ አየሩ ሲያወራ ቆይቶ፣ የቁጥር ሠላሳ አንድ ሰዎች ዓርብ ዕለት መጋረጃቸውን እስከ ቀትር አልገለጡም አለ። ከሰዓት በኋላ ከቁጥር ሠላሳ አንድ ሴትዮዋ መጣች። እሷ ሰው ማማት እንደማትወድ ሁለት ጊዜ ከማለች በኋላ፣ የቁጥር ዘጠኙ ልጅ ዓይነ ውሃው እንዳላማራት ነገረችው። ማክሰኞ አምስት ሰው መጣ፣ ረቡዕ ዐሥራ አንድ። ሁሉም «ከኔ አትስማ» ይላል። ሁሉም ሁለት ሦስት ቤት ይጠቁማል፤ የአንዱ ከሌላው የተለያየ ነው። ያብስራ የሰማውን በወረቀት ጻፈ፤ ረቡዕ ማታ ሲያየው ያልተጠቆመ ቤት ሦስት ብቻ ቀርቶ ነበር። የራሱ ቤት፣ ቁጥር ሃያ ሦስት፣ ከሦስቱ አንዱ ነው። ትል ጠባቂው ፊት ቤቱን የሚያማ የለማ!

እሱም ቢሆን ሰው ማየት ተበላሸበት። የሰላምታውን ርዝመት ይለካ ጀመር። የሳቀለት ሰው «ለምን ሳቀ?»፣ ያልሳቀለት «ምን ይዞት ነው?» ይሆንበታል። ፊቱን ያጨማደደ ሁሉ ኮሶ የጠጣ ይመስለዋል። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የኖረበት ሠፈር ባራት ቀን ውስጥ የማያውቀው ሠፈር ሆነበትና እጅግ አዘነ።

ሐሙስ ደግሞ ወሬው ሁሉ ባንድ አቅጣጫ ነፈሰ። ማን እንደጀመረው አይታወቅም። «ለመሆኑ ኮሶ ከየት ይመጣል?» አለ አንዱ። በመንደሩ ያለው የኮሶ ዛፍ አንድ ነው፤ ቁጥር ዐሥራ ሰባት፣ እትዬ ሜላት ጓሮ።

እትዬ ሜላት ብቻቸውን የሚኖሩ የሰባ ስምንት ዓመት አሮጊት ናቸው። በልጅነታቸው ዘመን ሜላት የሚባል ስም የቆንጆ ልጅ ስም ነበር፤ አሁን ሜላት ሲባል ለሰው ከዘራ ነው የሚታየው። ጥርስ የላቸውም። የተሠራላቸውን ጥርስ ድዴን ይቆረቁረኛል ብለው መሳቢያ ውስጥ አኑረውታል። ያብስራ ሲገባ ባቄላ ሲፈለፍሉ ነበርና አጠገባቸው በርጩማ ስቦ ተቀመጠ።

«እትዬ፣ ዓርብ ኮሶ የጠጣ ሰው አለ።»

«ይኖራል።»

«ከእርስዎ ዛፍ ነው።»

«ሌላ ዛፍ የት አለና?»

«ለማን ነው የሰጡት?»

እትዬ ሜላት ባቄላውን አስቀመጡ። «ስማ ልጄ፤ ኮሶ የሚለምን ሰው በጓሮ ነው የሚመጣ። በጓሮ የመጣብኝን በደጅ አላወራውም። ሆድ ይፍጀው።»

«ቧንቧዎን ሊያሽጉት እኮ ነው! ሠፈሩ የሚያወራውን አልሰሙም?»

«ሰምቻለሁ።» ድዳቸውን እያሳዩ ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን አልቆየም። «እኔ በምን ጥርሴ ነው ጥሬ ሥጋ የበላሁት? ይህንንስ አያስቡም?»

ያብስራ ከበርጩማው ተነሣ። ወጥቶ ሊሄድ ሲል አንድ ነገር ትዝ አለውና ዞረ። «ለአንድ ሰው የሚበቃው ምን ያህል ነው?»

«አንድ እፍኝ። ሁለት እፍኝ የጠጣ ቄስ ይጥራ።»

ከዚያ በቀጥታ ወደ ቀማሹ ሄደ። ዓርብ ጠዋት በመንደሩ ቧንቧ የወረደው ኮሶ በእፍኝ ቢሰፈር ስንት እንደሚሆን ጠየቀው። ቀማሹ ከሰባ አምስት አያንስም፣ ከዘጠና አይበልጥም አለው። ያብስራ ተሳስቶ እንደሆን ብሎ ደግሞ ጠየቀው። ያንኑ መለሰለት። በዚያ ሳምንት በአርባ ሁለት ቤት የሞተ ሰው አልነበረም፤ ቄስም አልተጠራም።

አጥሩን ተደግፎ ብዙ ቆመ። ጥሬ ሥጋ ከተበላ የኮሶ ትል ራሱን እስኪያሳይ ሁለት ሦስት ወር ይፈጃል። አሁን ሰኔ ነው። ወደ ኋላ ሲቆጥር ፋሲካ ላይ ደረሰ። የዘንድሮ ፋሲካ ማግስት እድሩ እሱን ለአምስት ቀን ሥልጠና ልኮት ነበር። አቶ ናሆም ራሳቸው ትከሻውን ይዘው እስከ መኪናው ሸኝተውታል፣ «ደክመሃል፣ ትንሽ አየር ለውጥ» ብለውታል። እሱም የልብ ሰው ናቸው ብሎ ነበር።

በሬ ማረድ ክልክል ነው። ደሙና ሞራው ገንዳውን ይዘጋል፤ ትል ጠባቂ ደግሞ ያየውን እንዳይደብቅ በመስቀል ይምላል። እሱ በሌለበት ሳምንት መንደሩ ቅርጫ ገብቷል። አንድ በሬ ለአርባ ሁለት ቤት። ሐኪም ቤት ሄደው ክኒን ቢወስዱ ይመዘገባል፤ ዛፍ ግን አይመዘግብም። የዛፍ አበባ ምን ያደርጋል ብለዋል። አንዱ ከሌላው ተደብቆ በእትዬ ሜላት ጓሮ ገብቷል፤ ባዶ ሆድ መዋሉ እንዳይታወቅበት የሰኔን ጾም ዓርብ መርጧል። ሁሉም አንድ ዓይነት ብልጥ ናቸውና ሁሉም ያንኑ ዓርብ መረጡ።

ያብስራ የትሎቹ ሞት ከነከነው። ከዚያ በላይ ግን፣ ይህን ለማንም ሳይናገር፣ ቅርጫ ሳይጠሩት መቅረታቸው አንጀቱን አሳረረው።

ሚስቱ ሶሊያና ደጅ ልብስ እያሰጣች ነበር። ፊቱን አይታ እጇ ቆመ።

«ዓርብ ጾመሽ ነበር» አላት።

«ጾም አይደል እንዴ?»

«አንቺ የሰኔን ጾም ከመቼ ወዲህ ነው የምትጾሚው?»

ሶሊያና እጇ ላይ የቀረውን ቀሚስ አጣጥፋ መልሳ ዘንቢሉ ውስጥ ከተተችው፤ እርጥብ ነበር። «ሁሉም ሲካፈል እኔ ብቻዬን እንቢ ልበል? እንቢ ያለች ሴት ልትናገር ነው ይባላል። እንኳን እንቢ ብዬ፣ ያንተ ሚስት ስለሆንኩ ብቻ ሳምንት ሙሉ ሲሰልሉኝ ነው የከረሙት።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምለሃላ! ብነግርህ ወይ ትናገራለህ ወይ መሐላህን ትበላለህ። ላንተ አዝኜ ነው።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ደግሞ ሳላስቀምጥልህ አልቀረሁም። ከሥልጠናው የመጣህ ቀን የበላኸው ወጥ ምን መሰለህ? ላንተ ቀቀልኩት። እንዲህ ያለ ወጥ ከእናቴ ቤት ወዲህ አልበላሁም አላልክም?»

ብሎ ነበር። ሦስት ጊዜ አስጨምሮም ነበር። ያብስራ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ።

«የኛን ቁጥር እንዳትጽፍ» አለች ሶሊያና ከኋላው። «ቦቴ ሠፈር አልወርድም። እግዜር ያሳይህ ያብስራ፣ እዚያ አንድ ዓመት አንቆይም። እትዬ ሜላት ብቻቸውን ናቸው፤ ለሳቸው አንድ ሰው ውሃ ሊያደርስ ይችላል።»

«ማን?»

ሶሊያና ዘንቢሉን አንሥታ ገባች።

እሑድ ስድስት ሰዓት አዳራሹ ሞላ። እትዬ ሜላት የፊተኛው ረድፍ ላይ ነጠላቸውን አደግድገው ተቀምጠዋል፤ ከጎናቸው ግራና ቀኝ ያለው ወንበር ባዶ ነው። ቅጹ በግድግዳው ላይ በትልቁ ይታያል፣ ያች አንዲት ሣጥን ባዶዋን። የሚሞላበት ሰሌዳ ያብስራ ጉልበት ላይ ነው።

«እኔ ማንንም አልከስም» አሉ አቶ ናሆም። «ዛፍ በእግሩ አይሄድም፤ እሱን ብቻ ነው የምለው። እትዬ ሜላት፣ የሚሉት ነገር አለዎት?»

«ሰጥቻለሁ» አሉ እትዬ ሜላት።

«ለማን?»

አሮጊቷ ከወንበራቸው ዞሩ። ከመጀመሪያው ረድፍ ጀምረው እስከ መጨረሻው ድረስ፣ የእያንዳንዱን ፊት ሳይቸኩሉ አዩ። ሰው ሁሉ ወለሉ ላይ የሚያየው ነገር አገኘ። አንዷ የልጇን ጫማ አሰረች፤ ጫማው ማሰሪያ የለውም። ቁጥር ዘጠኝና ቁጥር ሠላሳ አንድ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ንጣፍ ያያሉ።

«ረስቻለሁ» አሉና ተመለሱ።

ያብስራ ተነሣ። «ቀማሹ ዓርብ የወረደውን ለክቷል» አለ። «ከሰባ አምስት እፍኝ በላይ ነው። ሁለት እፍኝ የጠጣ ሰው አይተርፍም። ይህን ሁሉ እትዬ ሜላት ብቻቸውን ጠጡት?»

ያብስራ ከሰማንያ ሰው አንድ ሳል ጠበቀ፤ አንድ ሰው ተነሥቶ «እኔም አለሁበት» እንዲል ጠበቀ። አንድ ቢነሣ ሁለት ይነሣል፣ ሁለት ቢነሣ ቢሮው ሰማንያ ሰው ቦቴ ሠፈር ሊያወርድ አይችልም ብሎ አስቦ ነበር። ሶሊያና ሦስተኛው ረድፍ ላይ ናት። እሷም አልሳለችም።

«ቀማሹ አርጅቷል» አሉ አቶ ናሆም በለስላሳ ድምፃቸው። «ይሳሳታል።»

«ይሳሳታል» አለ አንዱ ከኋላ። «ባለፈው ነፍሰ ጡር አለ ብሎ፣ ተፈልጎ ሲታጣ የቀሩት የኔ አማት ብቻ አልነበሩም?» ሰዉ ከሚገባው በላይ ሳቀ። የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ ይላል ያገሩ ሰው፤ ያብስራ ይህ ተረት ስለ አንድ ሌባ ይመስለው ነበር።

«ውሃው አምስት ቀን ነው የቀረው» አሉ አቶ ናሆም። «ልጆች አሉን። ትል ጠባቂው አጣርቷል፣ ይሙላ። ትል ጠባቂው የሚሞላው ይጽደቅ የሚል እጁን ያውጣ።»

እጅ ወጣ። ቀስ እያለ አልነበረም፤ ሁሉም ባንዴ ነው። ያብስራ በሦስተኛው ረድፍ የሶሊያናን እጅ ፈለገ። ቀለበቷ ያለበት እጅ ከሌሎቹ እኩል ላይ ነበር። እትዬ ሜላት ብቻ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ቅጹን ያያሉ።

ያብስራ ሰሌዳው ላይ ጻፈ። በግድግዳው ሣጥን ውስጥ ቁጥሩ በትልቁ ወጣ፦ ሃያ ሦስት።

አንድም እጅ አልወረደም። መጀመሪያ የሚያወርድ ሰው ለምን እንዳወረደ ይጠየቃል፤ ስለዚህ ሁሉም ሌላው እስኪያወርድ ይጠብቃል፣ በዓይኑ ጥግ ጎረቤቱን እያየ። ሶሊያና ወደ ያብስራ ዞረች። ግራዋ ያለችው ሴት አየቻት፣ ቀኟ ያለው ሰው አያት። እጇን አላወረደችም።

«ጸድቋል» አሉ አቶ ናሆም፣ ከተለመደው ትንሽ ፈጠን ብለው።

ሁለቱም ወደ ቤታቸው ሄዱ። በራቸው ጋ ሲደርሱ ሶሊያና ቆመች። ዓይኗ ደም መስሏል።

«ለምን የኛን?»

«ሌሎቹን እጠረጥራለሁ እንጂ አላየሁም» አላት። «እርግጠኛ የሆንኩበት ቤት የኛ ብቻ ነው።»

«አንተ እኮ ምንም አላደረግክም።»

«ሦስት ጊዜ አስጨምሬያለሁ።»

ሶሊያና ልትስቅም ልታለቅስም ነበር፤ ሁለቱንም ሳታደርግ ገባችና ጀሪካኖቹን ከየጥጉ መሰብሰብ ጀመረች።

በዘጠኝ ሰዓት አቶ ናሆም የማሸጊያውን መፍቻ ይዘው መጡ። ሌላ ሰው ላኩ እንዳይባሉ ራሳቸው መምጣታቸውን ተናገሩ። የያብስራን ትከሻ ያዙ፣ እንደ ወንድማቸው እንደሚያዩት፣ እድሩም ለመንገድ የሚሆን ነገር እንደሚያስብ ነገሩት። ከልባቸው ነበር፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ቀኑ ይሞቃል፣ ዳገቱንም በእግራቸው ነው የወጡት። በቧንቧው ፊት ሊንበረከኩ ሲሉ ቀና አሉና፦

«ሶልዬ፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ ይኖርሻል? ጠምቶኛል።»

ሶሊያና ያብስራን አየችው። ብርጭቆውን ከቧንቧው ሞልታ ሰጠቻቸው። አቶ ናሆም ቆመው ጠጡና ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው መለሱላት።

«ውሃ አያሳጣችሁ» ብለው መረቁ፤ ከዚያም ተንበርክከው ቧንቧውን አሸጉት።